በዛፍ በተሸፈነ ተዳፋት ላይ ቤት ስትነድፉ፦ ከፕላን በፊት ሴክሽን

ቁልቁል መሬት ያላቸው ሰዎች ወደ እኔ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ ይዘው የሚመጡት የወለል ፕላን ነው። ሳሎኑ የት እንደሚሆን፣ መኝታ ቤቱ ወዴት እንደሚዞር፣ ወጥ ቤቱ ከምን ጋር እንደሚዋሰን ብዙ ተጨንቀውበታል። ፕላኑ ግን የተሣለው ለሜዳ ነው። ለሜዳ የተሣለ ቤት ተዳፋት ላይ የሚያርፈው ተዳፋቱ ተቆርጦ ሜዳ ሲሆን ብቻ ነው። ከቤቱ ጀርባ የሚቆመው ረጅም ግንብ፣ ወደ ታች የሚገፋው አፈር፣ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ የሚደርቁት ዛፎች፣ ሁሉም ከዚያች የመጀመሪያ ወረቀት የሚመጡ ናቸው።

ስለዚህ ፕላኑን ለጊዜው አስቀምጡትና ሴክሽን እንሣል እላቸዋለሁ። ሴክሽን መሬቱንና ቤቱን ከላይ እስከ ታች ቆርጦ በጎን የሚያሳይ ሥዕል ነው። አርክቴክት ከመሆኔ በፊት በቅየሳ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ከክፍል ስፋት ይልቅ የከፍታ ልዩነት ቀድሞ የሚታየኝም ለዚህ ይመስለኛል። በተዳፋት ላይ ያለ ቤት ጥሩነቱም መጥፎነቱም የሚወሰነው በሴክሽን ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ፕላን ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

መሬቱን በቁጥር ማወቅ

የመጀመሪያው ወጪያችሁ ለቀያሽ ይሁን። ኮንቱር መስመሮቹ፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኙት የካርታ መስመሮች፣ በየ50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይሣሉ፤ በየ2 ሜትሩ የተሣለ ካርታ ለመንገድ ጥናት ሊያገለግል ይችላል፣ ለቤት ግን አይበቃም። ግንዱ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ዛፍ ሁሉ ቦታው ይመዝገብ፤ ዓይነቱ፣ የግንዱ ውፍረት፣ ቅርንጫፎቹ የሚሸፍኑት ስፋት፣ እንዲሁም ግንዱ ከመሬት በሚወጣበት ቦታ ያለው ከፍታ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ነገር ግን ወለላችሁ ከዛፉ ሥር በላይ ያልፋል ወይስ ሥሩን ይቆርጣል የሚለውን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ልኬቱ በድንበራችሁ ላይ አይቁም። ከላይም ከታችም 10 ሜትር ያህል ይሻገር፤ ውሃ ከጎረቤት ይመጣል፣ ወደ ጎረቤትም ይሄዳል።

ከዚያ ቁልቁለቱን አስሉ። የከፍታውን ልዩነት ለአግድሙ ርቀት ስታካፍሉት መቶኛውን ታገኛላችሁ። 45 ዲግሪ ማለት 100 በመቶ ነው፤ 20 ዲግሪ 36 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ ቤታችሁ ወደ ቁልቁለቱ አቅጣጫ 10 ሜትር የሚዘልቅ ከሆነ፣ በ20 ዲግሪ ተዳፋት ላይ በጀርባው ግድግዳና በፊት ለፊቱ ግድግዳ መካከል የ3.6 ሜትር ልዩነት ይኖራል። ይህ ከአንድ ፎቅ ይበልጣል። ያው ቤት 6 ሜትር ብቻ ቢዘልቅና የቀረውን ስፋት በኮንቱሩ አቅጣጫ በርዝመት ቢወስደው፣ ልዩነቱ ወደ 2.2 ሜትር ይወርዳል። ቁፋሮው፣ ግንቡ፣ የኮለኑ ቁመት፣ የደረጃው ብዛት ሁሉ ይህን ቁጥር ይከተላሉ። ቀጠን ያለና ረዘም ያለ ቤት በኮንቱሩ ላይ ማስተኛት ብዙም የማያስከፍል፣ ብዙ የሚያተርፍ ውሳኔ ነው።

ሴክሽኑ ቢያንስ ሦስት ይሁን፤ አንዱ በቤቱ መካከል፣ ሁለቱ በጫፎቹ። የከፍታውና የአግድሙ መለኪያ አንድ ዓይነት ይሁን፣ 1 ለ100 ይመቻል። ሥዕሉ ከላይኛው ድንበር ተነስቶ እስከ ታችኛው ድንበር ይሂድ። ዛፎቹም በእውነተኛ ቁመታቸው ይቁሙበት፤ ቤቱን ብቻ ያሳየ ሴክሽን ምን ያህል መሬት እንደምትነኩ ይደብቃል።

ወረቀቱን ይዛችሁ መሬቱን በእግራችሁ ዙሩት፤ የሚቻል ከሆነ ዝናብ እየዘነበ ወይም ገና እንዳባራ። ግንዳቸው ከሥራቸው ጎብጦ ወደ ላይ የሚቃኑ ዛፎች በብዛት ካያችሁ፣ የላይኛው አፈር ቀስ በቀስ እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። አንድ ዛፍ ብቻውን ቢጎብጥ ብርሃን ፍለጋ ሊሆን ስለሚችል አይበቃም። ከላይ በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ የተጠማዘዘ ስንጥቅ፣ ከታች በኩል ያበጠ መሬት፣ በደረቅ ወቅት እንኳ የሚያቸፍ ቦታ ከጎባጣዎቹ ዛፎች ጋር አብሮ ከታየ ግን ንድፉ እዚያ ይቁም። ቀጥሎ የሚናገረው የጂኦቴክኒክ፣ ማለትም የአፈርና የዐለት ጥናት፣ ባለሙያ ነው።

ባለሙያው የሚቆፍረው ከላይም ከታችም ይሁን፤ አንድ ጉድጓድ ስለ ተዳፋት ምንም አይነግርም። ሪፖርቱን ስትቀበሉ አፈሩ ስንት ኪሎ ይሸከማል በሚለው ብቻ አትርኩ። ዐለቱ በስንት ሜትር ጥልቀት ይገኛል? የከርሰ ምድር ውሃ የት ነው? መሬቱ ውሃ ጠግቦ፣ እኛም ቆርጠነው፣ የቤቱ ክብደትም ተጨምሮበት፣ ተዳፋቱ በሙሉ ይጸናል ወይ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ሊያገኝ ይገባዋል። ለቤቱ መሠረት ብቻ የተሰጠ መልስ አይበቃም፤ መሠረቱ ሳይሰነጠቅ ከነአፈሩ የሄደ ቤት አለና።

ቆረጣ፣ ሙሌት ወይስ ኮለን

ቤት ከተዳፋት ጋር የሚገናኝባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፦ ወደ ኮረብታው ገብቶ መቀመጥ፣ እንደ እርከን ደረጃ እየሠራ መውረድ፣ ወይም በኮለን ከመሬት መነሳት። ከቆረጣ የወጣውን አፈር ከፊት ለፊት ሞልቶ በላዩ ላይ መገንባት እንደ አራተኛ መንገድ ሲቀርብ እሰማለሁ፤ እኔ አልቀበለውም። በተዳፋት ላይ የተደፋ ልቅ አፈር ከሥሩ ያለውን መሬት ይጫናል፣ ውሃ ያጠራቅማል፣ የዛፍ ሥር ያፍናል። የወጣው አፈር ከግቢ ይውጣ፤ በግምታችሁ ውስጥም የማጓጓዣው ወጪ ከመጀመሪያው ይግባ።

እኔ ብዙ ጊዜ የምሄድበት ድብልቅ ነው። ብርሃን የማይፈልጉትን ክፍሎች፣ ዕቃ ቤትን፣ መታጠቢያን፣ ልብስ ማጠቢያን፣ ደረጃን ወደ ኮረብታው አስገባቸዋለሁ። የሚኖርባቸውን ክፍሎች ደግሞ ከፊት በኮለን ላይ አወጣቸዋለሁ። ቆረጣው ከአንድ ፎቅ ቁመት አይበልጥም፣ ከቤቱ ፊት ያለው መሬትም አይነካም።

በኮለን ላይ ስለቆመ ቤት ግን አንድ ነገር አስረግጬ ልናገር። ከላይ በኩል ያሉት ኮለኖች አጭር፣ ከታች በኩል ያሉት ረጅም ይሆናሉ። ውፍረታቸው አንድ ከሆነ፣ 1.5 ሜትር ያለው ኮለን 3 ሜትር ካለው በ8 እጥፍ ግትር ነው፤ ግትርነት በቁመቱ ኩብ ስለሚቀንስ። መሬት ስትንቀጠቀጥ የጎን ኃይሉ ተካፍሎ አይሄድም፤ አጭሮቹ ኮለኖች ላይ ይከማችና እነሱ ቀድመው ይሰበራሉ። በ1994 በሎስ አንጀለስ አካባቢ በደረሰው የኖርዝሪጅ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በተዳፋት ላይ በእግሮች የቆሙ ቤቶች ወድቀዋል። ወለሉ ከላይኛው መሠረት ጋር የነበረው ማያያዣ ደካማ መሆኑ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ስትራክቸራል መሐንዲሱን በግልጽ ጠይቁት፦ የጎን ኃይሉን የሚቀበለው የአርማታ ግድግዳ የት ነው? ወለሉስ ከእሱ ጋር በምን ታሰረ? ረጃጅሞቹን ኮለኖች በብረት በመስቀል ማሰር፣ ወይም ከመሬት በላይ በቢም (በአግድም ተሸካሚ) ማያያዝ ሌላው አማራጭ ነው።

በሌላው ጫፍ ያለው የአሜሪካዊው አርክቴክት የጆን ላውትነር ሥራ ነው። በሎስ አንጀለስ በ1960 የተጠናቀቀው ኬሞስፌር የተባለው ባለ ስምንት ጎን ቤት፣ 45 ዲግሪ በሚጠጋ ተዳፋት ላይ በአንድ ወፍራም የአርማታ ዓምድ ብቻ ቆሟል። ሁሉም ሰው እንዲህ ይሥራ ማለቴ አይደለም። መሬቱን በአንድ ነጥብ ብቻ ነክቶ ተዳፋቱን እንዳለ መተው እንደሚቻል ግን ያሳየ ቤት ነው፤ ጨከን ብሎ ማሰብ ለሚፈልግ ይጠቅመዋል።

ውሃ

በዚህ ላይ ብረዝም ቅር አይበላችሁ፤ በተዳፋት ላይ ካየኋቸው ጉዳቶች አብዛኞቹ ሥራቸው ውሃ ነው።

3 ሜትር ከፍታ ያለው ደጋፊ ግንብ ጀርባ ያለው አፈር ደረቅ ጠጠራማ ቢሆን፣ በእያንዳንዱ የግንብ ሜትር ወደ 2.7 ቶን የሚጠጋ ግፊት ያደርሳል። ከግንቡ ጀርባ ውሃ እስከ አናቱ ቢሞላ፣ ውሃው ብቻውን 4.5 ቶን ይጨምራል። አፈሩ ውሃ ውስጥ ሲሆን የራሱ ግፊት ወደ ግማሽ ቢቀንስ እንኳ፣ ድምሩ ከደረቁ በእጥፍ ይበልጣል። ለደረቅ አፈር ተሰልቶ የተሠራ ግንብ የሚወድቀው እንዲህ ነው። ፌሮ መጨመር ጥያቄውን አይመልስም፤ ውሃው ከግንቡ ጀርባ እንዳይቆም ማድረግ ይመልሰዋል። ከግንቡ ጀርባ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ንጹሕ ጠጠር፣ በጠጠሩና በአፈሩ መካከል ጭቃውን የሚያስቀር ጂኦቴክስታይል ጨርቅ፣ ከግርጌ 100 ሚሊ ሜትር የተበሳሳ ቱቦ፣ ቱቦው ቢያንስ 1 በመቶ ተዳፍቶ ወደ አየር የሚወጣበት ቦታ። የቱቦው መውጫ በሥዕል ላይ በቀስት ካልታየ የለም ብላችሁ ቁጠሩት።

የግንብ ግፊት በቁመቱ ካሬ ያድጋል። 3 ሜትሩን ለሁለት ከፍላችሁ 1.5 ሜትር ሁለት ግንብ ብትሠሩ፣ እያንዳንዱ የሚሸከመው ሩብ ብቻ ነው። ይህ የሚሠራው ግን ላይኛው በታችኛው ላይ ካልተጫነ ነው። በመካከላቸው ከታችኛው ግንብ ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ርቀት ተዉ፤ መሐንዲሱም ሁለቱን አብሮ ያስላቸው። በመሃል ያለው እርከን አፈር ይዞ ቁጥቋጦ ያበቅላል፣ ዓይንም ትልቅ ግድግዳ አያይም።

ከቤቱ በላይ በኩል፣ ከቆረጣው ጫፍ ጥቂት ሜትር ርቆ፣ ከኮረብታው የሚወርደውን ውሃ ቀድሞ የሚይዝ ቦይ ይቆፈር። ቦዩ በሁለት ጎን ቤቱን ዞሮ ይውረድ እንጂ ወደ አንድ ነጥብ አያከማች። ባዶ አፈር ላይ ያለ ቦይ ራሱ መሬቱን ይቦረቡራል፤ ስለዚህ በድንጋይ ይነጠፍ።

ጣሪያውንም አስሉት። 150 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 7,500 ሊትር ውሃ ነው። ይህን ከአሸንዳው በቀጥታ ተዳፋቱ ላይ መልቀቅ መሬቱን መናድ ነው። ታንከር ውስጥ ይግባ፤ የተረፈው በዝግ ቱቦ ወርዶ ከታች በድንጋይ ክምር ላይ ፍጥነቱን አጥቶ ይበተን። የቆሻሻ ውሃ ማስረጊያ ጉድጓድም ከቤቱ በላይ ወይም ከደጋፊ ግንብ ጀርባ ፈጽሞ አይደረግ።

ዛፎቹ

ዛፍ ለማትረፍ ግንዱን አለመቁረጥ ብቻ አይበቃም፤ ሥሩም መትረፍ አለበት። አብዛኛው ሥር የሚገኘው በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ሲሆን ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይዘረጋል። በእንግሊዝ መመሪያ የተለመደው ስሌት ግልጽ ነው፦ ግንዱን በ1.5 ሜትር ከፍታ ለኩ፣ ውፍረቱን (ዲያሜትሩን እንጂ ዙሪያውን አይደለም) በ12 አባዙ፤ የምታገኙት የማይነካው ክብ ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት ነው። 50 ሳንቲ ሜትር ግንድ ማለት በዙሪያው 6 ሜትር ማለት ነው። ይህን ክብ ለየዛፉ በካርታው ላይ ሣሉ። ቤቱ የሚገባው በክቦቹ መካከል በቀረው ክፍት ቦታ ነው፤ ቤቱ ቅርጹን ከዚያ ይውሰድ። ኮንቱሩ አንድ አቅጣጫ ሰጥቷችኋል፣ ክቦቹ ደግሞ የት እንደምትታጠፉና የት እንደምትሰበሩ ይነግሯችኋል።

ክቡን መንካት ግድ ከሆነ፣ ረጅም የመሠረት ቁፋሮ ቀርቶ ነጠላ ፓይል፣ ማለትም በጥልቀት ወደ መሬት የሚገባ የመሠረት ምሰሶ፣ ይሁን። ቦታው መጀመሪያ በእጅ ይቆፈር፤ ወፍራም ሥር ከተገኘ ፓይሉ ጥቂት ይዛወር። ቢሙ ከመሬት በላይ ይለፍ እንጂ አፈር ውስጥ አይቀበር። በግንባታው ጊዜ ክቡ በአጥር ይከለል፤ አሸዋና ሲሚንቶ አይከመርበት፣ ማሽን አይቁምበት፣ የአርማታ እጣቢ አይደፋበት። የተረገጠ አፈር ለሥር አየር አይሰጥም፣ ዛፉም ወዲያው ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፤ ስለዚህም ጥፋቱ የማንም አይመስልም።

ዛፎቹን ለማትረፍ ሌላም ምክንያት አለ። ሥሮቹ የላይኛውን አፈር አስረው ይዘዋል። ዛፉ ሲቆረጥ ጉቶው ይቀራል፣ ሥሩ ግን ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፣ ተዳፋቱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛፉ ከተቆረጠበት ዕለት ይልቅ ደካማ ይሆናል። በተጨማሪ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ያደጉ ዛፎች ንፋስ የሚቋቋሙት በጋራ ነው፤ ከመካከላቸው ሰፊ ቦታ ከተከፈተ ጠርዝ ላይ የቀሩት ይወድቃሉ። ዛፍ ከመምረጣችሁ በፊት የዛፍ ባለሙያ ይምጣና የታመመውን፣ የተቦረቦረውን፣ ወደ ቤቱ ያጋደለውን ይለይ። ከሚወገዱት መጀመሪያ እነዚያ ይሁኑ።

ዕይታን በተመለከተ፣ አንድ ደንበኛዬ ከሳሎኑ ፊት ያለውን ግዙፍ ዛፍ ለመቁረጥ ወስኖ ነበር። በሳሎኑ ወለል ከፍታ መድረክ አስመትተን፣ ወንበር አስቀምጠን፣ መስኮቱን በችካልና በሲባጎ ወጥረን ደንበኛዬን ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው። ከግንዱ ግራ ሸለቆው በሙሉ ይታይ ነበር፤ የሚያስቸግረው ሁለት ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ቅርንጫፎቹ ተቆረጡ፣ ዛፉ ዛሬም ለሳሎኑ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይሰጣል። ይህን ሙከራ በእያንዳንዱ ሥራዬ አደርገዋለሁ፤ ለእናንተም አጥብቄ እመክራለሁ።

እሳትን ግን ከዛፍ ፍቅር ጋር አታጋጩት። እሳት ወደ ላይ ሲወጣ ይፈጥናል፤ ቁልቁለቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል የሚለው ስሌት በአውስትራሊያ የዱር እሳት ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ስለዚህ አደገኛው ጎን ከቤቱ በታች ያለው ነው። ከወለሉ ሥር ያለው ክፍት ቦታ ማገዶና ካርቶን ማስቀመጫ አይሁን፤ ፍም እንዳይገባ በማይቃጠል ነገር ወይም በጠባብ የብረት ወንፊት ይዘጋ። ከግድግዳው ዙሪያ 1.5 ሜትር ጠጠር ወይም ድንጋይ እንጂ ቁጥቋጦ አይኑር። የዱር እሳት በሚያሰጋበት ቦታ የእንጨት በረንዳን እርሱት፤ ብረትና አርማታ ይሁን።

መግቢያ፣ ደረጃ፣ ብርሃን

መንገዱ ከላይ ከሆነ ሥራው ይቀላል፦ መኪናው ከላይ ይቁም፣ በድልድይ ወደ ላይኛው ፎቅ ይገባ፣ ሳሎን ከላይ፣ መኝታ ከታች። ሰው ሲገባ ዕይታው ፊት ለፊቱ ይከፈታል፣ የሚተኛበት ክፍል ደግሞ ወደ መሬቱና ወደ ግንዶቹ ይቀርባል። መንገዱ ከታች ከሆነ መኪናውን እስከ ቤቱ ለማውጣት አትታገሉ። የመኪና መንገድ ከ15 በመቶ በላይ ሲሆን በእርጥብ ቀን ያስቸግራል፣ ለመጠማዘዣውም የምትቆርጡት ከቤቱ ሊበልጥ ይችላል። መኪናው ከታች ይቅር፤ ደረጃውን በመሃል ማረፊያ እየሰጣችሁ በዛፎቹ መካከል አሳልፉት። አንድ ደረጃ ቁመቱ 17፣ መርገጫው 28 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለእግር ይመቻል። ከውጭ ላለው ደረጃ ቁመቱን ወደ 15 አውርዱት፤ ቅጠል ሲያርፍበት ያንሸራትታል።

ሙሉ ፎቅ ከመውረድ ይልቅ ግማሽ ፎቅ፣ ማለትም 1.5 ሜትር ያህል መውረድ ብዙ ተዳፋት ላይ ይስማማል። ክፍሎቹ ሳይለያዩ ይተያያሉ፣ ቆረጣውም በየደረጃው አነስተኛ ይሆናል። ነገር ግን አረጋዊ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ካለ፣ መግቢያ፣ አንድ መኝታ፣ መታጠቢያና ወጥ ቤት በአንድ ወለል ላይ ይሁኑ።

ጫካ ውስጥ ያለ ቤት ይጨልማል፣ በተለይ በጀርባው። ፊት ለፊቱን በሙሉ መስታወት ማድረግ ብቻውን ክፍሉን አያበራውም፤ ፊቱ እየደመቀ ጀርባው የባሰ የጨለመ ይመስላል። ጣሪያውን ከኮረብታው በኩል ከፍ አድርጉትና በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ረጅም ጠባብ መስኮት አስገቡ። ብርሃን ከሁለት አቅጣጫ ሲመጣ ክፍሉ ይረጋጋል፤ ሞቃት አየርም በላይኛው መስኮት ይወጣል። ሰፊ መስታወት ዛፎቹን ስለሚያንጸባርቅ ወፎች ይጋጩበታል። በውጭው ገጽ ላይ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ የሚታዩ ትናንሽ ነጥቦች ይህን በእጅጉ ይቀንሳሉ።

ቤቱን ወደ ፊት አንጠልጥሎ ማውጣትም ሁሉም ይመኘዋል። በፔንሲልቬንያ ያለው፣ በ1935 የተነደፈው የፍራንክ ሎይድ ራይት ፏፏቴ ላይ ያለ ቤት ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው፤ ግን ሰገነቶቹ በጊዜ ሂደት ጎብጠው በ2002 በተወጠረ የብረት ገመድ ማጠናከር አስፈልጓል። ከድጋፉ ወደ ፊት የሚወጣው ክፍል ወደ ኋላ ከተዘረጋው ሲሦ ባይበልጥ እመርጣለሁ።

ግንባታው ሲጀመር

ተቋራጩን ከመቅጠራችሁ በፊት አርማታው በምን እንደሚወርድ ወይም እንደሚወጣ ጠይቁት። በፓምፕ ነው? በክሬን? ማሽኑ የሚቆመውስ የት ነው? ዛፎቹ በአጥር የተከለሉበትን ካርታ አብራችሁ አሳዩት። ማሽን የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ንድፉ ወደ ቀላል ብረትና እንጨት ይዙር፤ በትከሻ የሚወርድ ቁራጭ ከ3 ሜትር ባይረዝም ይሻላል።

ቅደም ተከተሉ ውል ውስጥ ይጻፍ። የዛፍ አጥር መጀመሪያ፣ ላይኛው የውሃ ቦይ ሁለተኛ፣ ቆረጣ ሦስተኛ። ቆረጣው በደረቅ ወቅት፣ በአጫጭር ክፍል ይሁን፤ አንዱ ክፍል ግንቡ ቆሞ ጠጠሩ ሳይሞላ ቀጣዩ አይከፈት። ክፍት ቆረጣ ዝናብ እንዲያገኘው አትፍቀዱ፤ ቀን ቢራዘምም ይራዘም።

በመጨረሻ ሥዕሉን ከማጽደቃችሁ በፊት፣ በቤቱ ጀርባና በኮረብታው መካከል ሰው መጥረጊያ ይዞ የሚያልፍበት 90 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ መኖሩን ተመልከቱ። በጫካ ውስጥ አሸንዳውና ቦዩ በቅጠል ይሞላሉ፤ የተበሳሳው ቱቦም በየተወሰነ ርቀት መክፈቻ ኖሮት በውሃ ግፊት መታጠብ አለበት። መተላለፊያው ከሌለ ከክፍሎቹ ስፋት ላይ ቆርጣችሁ አስገቡት።